የተገለበጠው ጥቅል

መርዋ ያለቀውን ጥቅል ከማሽኑ ታወርድና ግራ ቀኟን አይታ መልሳ ትሰቅለዋለች። አንድ ጊዜ ደግማ ካዞረችው መጨረሻው መጀመሪያ ይሆናል። ጥፋት ለመሥራት ሌላ ጥበብ አያስፈልግም።

የማር ሌብሎች ናቸው። ታትመዋል፣ ቢላው ዙሪያቸውን ቆርጧል፣ ትርፉ ወረቀት ተልጦ ወጥቷል። አሁን በሚያንሸራትተው ወረቀት ላይ እንደተሰለፉ ተጠቅልለው ቦንጋ ወዳለው ማር ማሸጊያ ይሄዳሉ። እዚያ ሌብሉን ብልቃጡ ላይ በሚለጥፈው ማሽን የሚሠራው ዚያድ ነው። ጥቅሉ ተገልብጦ ከደረሰው፣ ሥዕሉ ላይ ያለችው ንብ እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ ትለጠፋለች።

መጀመሪያ የእውነት ተሳስታ ነበር። ዚያድ ጥቅሉን ተሸክሞ ከቦንጋ እስከ አቃቂ በሰቃ መጣ፤ ድሮ ጎን ለጎን ይሠሩበት በነበረው በዚሁ ማሽን አብረው አስተካከሉት። አለቃዋ አቶ ገብረጻድቅ፣ «ከእንግዲህ አንድ ጥቅል ቢመለስ ከማሽኑ ትነሻለሽ» ሲሏት አጠገቧ ቆሞ ሰምቷል። በር ላይ ሲሰናበታት ግን፣ «አንቺ ካልተሳሳትሽ እኔ በምን አመካኝቼ እመጣለሁ?» ብሏት ሳቀ።

ይህን ሰምቶ ማን ልክ ይሠራል? ከዚያ ወዲህ ከየጭነቱ አንዱን ትገለብጣለች። ይኸው ስምንት ወር ሆነ፤ ጥቅሉም አይመለስ፣ ዚያድም አይመጣ። ስልክ አለ አይደል እንዳትሉ። ስልክ ላይ «ደህና ነሽ?»፣ «ደህና ነኝ» ነው፤ ሁለቱም ከዚያ አያልፉም። ናፍቆቱ ምግብ አስጠልቷታል። ከሥራዋ ብትባረርም ግድ የላትም፣ እሱ ብቻ ይምጣ።

ጥቅሎቹን ካርቶን ውስጥ አሽጋ ስትጨርስ የማር ማሸጊያው ሹፌር ጋሽ ቡልቻ የመኪናቸውን ሞተር ሳያጠፉ ይገባሉ።

«ዛሬም ብቻዎን መጡ?» ትላቸዋለች። ዓይኗ ከኋላቸው ያለው በር ላይ ነው።

«ዚያድ አብሮኝ ሊመጣ ነበር። ለባብሶ፣ ጋቢና ወጥቶ ተቀምጦ ነበር።»

«ታዲያ?»

ጋሽ ቡልቻ ወደ አለቃዋ ቢሮ ገልመጥ ያደርጉና ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። «ባለፈው የወሰድኩትን ጥቅሎች አንዴ ልያቸው ብሎ ቢወርድ አንዱን ተገልብጦ አገኘው። ሌላ ሰው ካየው ይመለሳል ብሎ ቀረ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው፤ ሰው ምሳ ሲወጣ እሱ ቁጭ ብሎ በእጁ ያዞረዋል። ሁለት ሺህ ሌብል። ከማሽኑ ያነሷታል ይላል። እንግዲህ ልጄ፣ እስቲ እያየሽ ሥሪ። ልጁ አሳዘነኝ።»

ለካ መርዋ ስምንት ወር ሙሉ መንገዱን የዘጋችበት በገዛ እጇ ነው።

የታሸገውን ካርቶን ትቀድደዋለች።

«ምነው?»

«አንዱ ተገልብጧል፣ ጋሼ። ትንሽ ይጠብቁኝ።»

ጥቅሉን አውጥታ ባዶ የካርቶን ቱቦ ትፈልጋለች፤ መሬት ላይም ትቀመጣለች።

«ማሽኑ ይኸው አጠገብሽ።»

«አውቃለሁ።»

በማሽኑ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እሷ ግን በእጇ መጠቅለል ትጀምራለች። ንቦቹ አንድ በአንድ በጣቶቿ መካከል ያልፋሉ። ጫፉ እንዳይዛነፍ በአውራ ጣቷ እየገፋች ታስተካክለዋለች። መቶ ሳይሞሉ የእጇ አንጓ ያማታል። እሱንም እንዲህ አሞታል ማለት ነው፤ ያውም ስንት ጊዜ።

ጋሽ ቡልቻ ቆመው ሲያዩዋት ይቆዩና ወጥተው የመኪናውን ሞተር ያጠፋሉ።