የፍትሕ ሦስት ጓዶች

ሃሙራ ሴይጂ «የሰባቱ ወንዞች አገር» ለተባለው የኢንተርኔት ጌም ከዐሥር ሦስት ሰጠው። ሦስቱንም የሰጠው ለሙዚቃው ነበር። በሚጽፍበት የጌም መጽሔት ላይም «ይህን የሚወድ ሰው ባዶ ድስት ቢያማስልም ይጠግባል» ብሎ ደመደመ።

ጃፓን ግን ድስቱን ማማሰል ወደደች። ባቡር ውስጥ ተማሪው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ጡረተኛው ወሬያቸው ሁሉ ሰባቱ ወንዞች ሆነ። እያንዳንዱ የራሱን ጀግና ፈጥሮ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ተቧድኖ፣ አውሬ ይገድላል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ አንዳንዱም እዚያው ይሞሸራል። ይህን ያዩ ሌሎች ሐያስያን ነጥባቸውን ቀስ እያሉ ከፍ አደረጉ። ሃሙራ ብቻ በሦስቱ ጸና። ሰማዕት የመሆን ዕድል በየቀኑ አይገኝም።

የመጽሔቱ አዘጋጅ ወይዘሮ ኦጊኖ ግን ሰማዕት አላማራቸውም።

«ሃሙራ፣ አንባቢ እየሳቀብን ነው። ተመልሰህ ግባና ሰው ለምን እንደሚወደው ጻፍልኝ።»

«ሰው ምን ያውቃል?»

«መጽሔት መግዛት ያውቃል።»

ገባ። ለጀግናውም «ፍትሕ» የሚል ስም አወጣለት። ከማንም ጋር ቢቧደን ገና መንገድ ሳይጀምሩ ስለ አጨዋወት ይሰብካል፤ ሲሸነፉ ቁስል የሚፈውሰውን ተጫዋች ይወቅሳል፤ ሲያሸንፉ ደግሞ «ዕድል ነው» ይላል። ወሬው ተዛመተ። ፍትሕ ብቅ ሲል የጨዋታው ገበያ ይበተን ጀመር። ብቻውን እየዞረ የዱር አሳማ ሲረጋግጠው ሰነበተ።

ባለቤቱ ቺዮኮ ስድቡን ከወጥ ቤት ሆና ትሰማለች። እራት ላይም ስድቡ ይቀጥላል። ሩዙ፣ ሾርባው፣ ጎረቤቱ፣ መንግሥት፣ ሁሉም ከዐሥር ሦስት ነው።

አንድ ቀን ሦስት ተጫዋቾች መጡ። ካፒቴን ባቄላ፣ የዝናብ ቀበሮና ትንሿ ጠጠር።

«መምህር ፍትሕ፣ ከእኛ ጋር ቢሆኑልን ክብራችን ነው» ብለው ጻፉለት።

ሰበከ፤ አመሰገኑት። ወቀሰ፤ ይቅርታ ጠየቁት። ቀለደ፤ ሳቁለት። ሃሙራ እያፏጨ መንቃት ጀመረ። ሾርባውንም አንድ ቀን «ይጠጣል» አለ። ቺዮኮ ማንኪያዋን አስቀምጣ ትኩር ብላ አየችው።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየለትም። በቀልዱ እስከዚያ ዕለት ማንም ስቆ አያውቅምና ጠረጠረ።

ማስተዋል ጀመረ። እሱ ገና ከመቀመጡ ከተፍ ይላሉ። ስለ ጉልበቱ ሕመም ትንፍሽ ሳይል «ጉልበትዎ እንዴት ዋለ?» ይሉታል። አንድ ቀን ባረረ ዓሣ ከቺዮኮ ጋር ተጨቃጭቆ ሲገባ ሦስቱም ድምጥማጣቸው ጠፋ። በዚያው ቀን ጨዋታውን የሠራውን ኩባንያ በአምዱ ዘልፎት ነበር።

«አሃ! ቀጡኝ!» አለ።

ለቺዮኮም ነገራት። «ኩባንያው ነው። ሐያሲውን እንዲያለሰልሱ ሰዎች ቀጥሮ አሰማርቷል።»

«ደስ እያለህ አይደል እንዴ? ምን አስጨነቀህ?»

«እውነቱ ነዋ!»

«እውነት ለማን እራት ሆኖ ያውቃል? ተወው ሴይጂ፣ በናትህ።»

እሱ እቴ! «በደመወዝ የሚወደድ ጨዋታ» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ያ ሁሉ ዝና በቅጥረኛ የተገዛ ነው አለ። አገር ተንጫጫ። ኩባንያው ቢምል ቢገዘት ሰሚ አጣ። በሺህ የሚቆጠሩ ተጫዋቾች ጥለው ወጡ። ነጥባቸውን ከፍ አድርገው የነበሩት ሐያስያንም «እኛማ ከመጀመሪያውም ጠርጥረን ነበር» እያሉ መልሰው ዝቅ አደረጉ። ወይዘሮ ኦጊኖ የመጽሔቱን ኅትመት በእጥፍ አሳደጉ።

የቀረው ማስረጃ ብቻ ነበር። ሃሙራ ካፒቴን ባቄላን ሺንጁኩ ሰፈር ወደሚገኝ ቡና ቤት ጋበዘው። ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጀርባ አቁሞ ጭውውቱን በቀጥታ ለአንባቢዎቹ ማስተላለፍ ጀመረ። ከረባት ያሰረ ጎልማሳ ገባና እጅ ነሳ።

«መምህር፣ በአካል ስላገኘሁዎ ደስታዬ ወሰን የለውም።»

«ለደስታህም ይከፈልሃል?»

ጎልማሳው ቀና ብሎ አየው። ከዚያ አንገቱን ደፋ።

«ይቅርታ ያድርጉልን። ጓደኛ ከሚያከራይ ድርጅት ነን። ሦስታችንም ሥራ ሆኖብን ነው።»

ሃሙራ ፊቱ በራ። ኮቱን አስተካክሎ ወደ ስልኩ ዞር አለ።

«እንግዲህ ጮክ ብለህ ንገረን። የሚከፍላችሁ ማነው?»

«የደንበኛ ምስጢር ነው፣ መምህር። ተዉኝ።»

«አገር እየሰማህ ነው! ተናገር!»

ጎልማሳው ስልኩን አየ፤ ላቡን ጠረገ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

«ሚስትዎ ናቸው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ አስቀድመው ከፍለዋል።»