ከጉድጓዱ አፍ ላይ

እግሩ የተሰበረው ጉድጓድ ቆፋሪ ከጉድጓዱ ሥር አንጋጦ ሲያይ፣ የነፍስ አድን ሠራተኛዋ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክካ ካራቢነር ትመርጣለች፤ ገመዱን ከወገብ ቀበቶው ጋር የሚያይዘውን የብረት መንጠቆ። አንዱን ከፍታ ዘጋችና ወደ ጎን አስቀመጠችው። ሁለተኛውንም እንደዚያው።

«እህቴ፣ ገበያ የወጣሽ መሰለሽ እንዴ? ያገኘሽውን ላኪልኝ!» ብሎ ጮኸ።

«ትንሽ ታገሰኝ፣ ወንድሜ» አለችው። ሁለቱም መዝጊያቸው በጣት ሲነካ የሚከፈት ነበር። ያወረደችለት ሦስተኛው ግን መዝጊያውን የሚቆልፍ ተጠምዛዥ ቀለበት ነበረው። «ቀለበቱን አጥብቀው!» አለችው፤ እያጉረመረመ አጠበቀው።

ወደ ላይ ስትጎትተው ግማሽ መንገድ ላይ ገመዱ ተወዛወዘና ከግድግዳው ጋር አላተመው። የሾለ ድንጋይ ዓይኑ እያየ የመንጠቆውን መዝጊያ ወደ ውስጥ ገፋው። መዝጊያው ግን ንቅንቅ አላለም፤ ቀለበቱ ቆልፎ ይዞታል። ያን ጊዜ ሴትዮዋ እላይ ሆና ምን ስትመርጥ እንደቆየች ገባው።

ጎትታ ሣሩ ላይ ስታስተኛው እጇን ያዘና አልለቅም አለ።

«ቶሎ በይ ስልሽ አልሰማሽኝም?»

«ሰምቼሃለሁ።»

«እንኳንም እንቢ አልሽኝ!» አለና፣ በጭቃ እጁ የያዘውን እጇን አገላብጦ ሳመው።