ሽቅብ በለው

ከውጭ አገር ከተመለሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት የለፋበት፣ ሦስት ሜትር የሚረዝመው በሪሞት የሚበር የጦር አውሮፕላን ሜዳው ላይ ቆሟል። አባቱ የተከሰከሰበት አውሮፕላን አምሳያ ነው። የአደጋው መዝገብ «አብራሪው ጠጥቶ ነበር» ይላል፤ እናቱም በዚያች መስመር ምክንያት አንገቷን እንደደፋች ኖራ ሞተች። እሱ ግን ማመንም መካድም እንዳቃተው ነው ያደገው።

ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል የአባቱ መካኒክ የነበሩት ጋሽ ወርዶፋ ከጅራቱ ኋላ ቆሙ።

«ቆይ፣ ሳይፈተሽ አይነሳም! በል ሽቅብ በለው።»

የሪሞቱን ዘንግ ወደ ራሱ ሳበ። የጅራቱ ክንፍ ግን ቁልቁል ታጠፈ።

«ውይ ጋሼ፣ ገልብጬ አገናኝቼዋለሁ! ገና ከመሬት ሲለቅ በአፍንጫው ይተከል ነበር» ብሎ ሳቀ። ሪሞቱ ላይ አንድ ቁልፍ ሲጫን ክንፉ ሽቅብ ዞረ።

«በቃ? ተስተካከለ?» አሉ ሽማግሌው።

«ተስተካከለ። ምነው?»

ጋሽ ወርዶፋ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«የአባትህንም አውሮፕላን የጅራት ክንፍ ገመድ እንዲሁ ገልብጬ ያገናኘሁት እኔ ነኝ፤ ሳልፈትሽ ፈረምኩ» አሉ ቀና ሳይሉ። «አረቄ ሸተተኝ ብዬ የመሰከርኩትም እኔው ነኝ።»