ከታችኛው ዋሻ የወጣው ድንጋይ

ማዕድን ማውጫው ከተዘጋ ወዲህ በተራራው ሥር የሚኖረው ሰው ፍርፋሪውን ነው የሚለቅመው። ጎብኚ ሲመጣ መንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ይሸጣል። ከሻጮቹ አንዱን ወጣት፣ እንደ እሱ በየጉድጓዱ መሽሎክሎክ የሚወድ ስላልነበረ፣ ሰፈሩ ፍልፈል ብሎ ጠራው።

ፍልፈል ገንዘብ የሚያጠራቅመው ቤት ለመሥራትም ሆነ ሚስት ለማግባት አልነበረም። አባቱን ሊፈልግ ነው። አባቱ ልጁ ጡት ሳይጥል ከሠራተኞች ክበብ ምግብ አብሳይ ሴት ጋር ኮብልሎ የጠፋ ሰው ነው። ይህን በሰፈሩ ያልሰማ የለም፤ ያወራችውም እናቱ ራሷ ናት።

"አግኝተህ ምን ልትለው ነው?" ትለዋለች።

"ምን አድርጌህ ጠላኸኝ ልለው።"

"መሬት ይዋጠው! የጣለህን ሰው እንደ ቡችላ ልትከተል? አባትህም እናትህም እኔ ነኝ!"

ሐሰት አልነበረም። በወጣትነቷ የማዕድን ማውጫው የፈንጂ መጋዘን ቁልፍ ያዥ ነበረች፤ ወንዶቹ እንኳ ይፈሯታል። ልጇን ያለ ማንም እርዳታ አሳድጋለች። የባሏን አንድ ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ሰቅላ ያቆየችው ግን ለናፍቆት አይደለም። ፍልፈል ትንሽ ሳለ እራት የሚቀርብለት መጀመሪያ ፎቶው ላይ ከተፋ በኋላ ነበር። መትፋቱን ያቆመው ጢም ሲያበቅል ነው።

ሌላውን ሁሉ ትፈቅድለታለች፤ አንድ ነገር ብቻ ከለከለችው። "የትም ግባ፤ የታችኛው ዋሻ ድርሽ እንዳትል። ጣሪያው ሰው በላ ነው።" ዋሻው ማዕድን ማውጫው ገና ሥራ ላይ፣ ፍልፈልም ሕፃን ሳለ ተንዶ የተዘጋ ስለሆነ የሰፈሩ እናቶች ሁሉ ልጆቻቸውን የሚያስፈራሩት በሱ ነው።

ዘንድሮ የጣለው ኃይለኛ ዝናብ የታችኛውን ዋሻ አፍ ሸረሸረውና ሰው የሚያሾልክ ስንጥቅ ከፈተ። ፍልፈል ለእናቱ ሳይነግር ገባ። ጉልበቱ ድረስ የሚደርስ ውሃና ጥቁር ጭቃ ነበር። እጁን ሰዶ ጭቃውን ሲዳብስ አንድ ሸካራ ነገር ጨበጠ። ደጅ አውጥቶ ሲያጥበው፣ እንደ ጠርሙስ የጠሩ ሰማያዊ ስለቶች ተደራርበው በቅለውበታል። እንዲህ ያለውን በሕልሙም አይቶ አያውቅም።

ቤቱ ገብቶ እንደ ማንኛውም ድንጋይ ሻጭ ያሳምረው ጀመር። ስለቶቹ የበቀሉበት ሥር ቡናማ፣ እንደ ደረቅ ዳቦ ቀዳዳ የበዛበት ነው። ይኼ ገዢን ያስጠላል ብሎ በትንሿ መሮ ጠረበው፣ በጥርስ ብሩሽ ፈተገው። ቅርፊቱን ከጠረጴዛው ሥር ባለች ጣሳ ውስጥ ጣለ። እየሠራ ያፏጭ ነበር።

ከከተማ በመኪና የሚመጣው ድንጋይ ነጋዴ ገና እንዳየው ጨርቅ ጣለበት።

"ሸፍነው! ብርሃን ያጠቁረዋል። ከሥሩ የነበረውን የት አደረስከው?"

"አስቀያሚ ስለነበር ጠረብኩት፣ ጋሼ።"

"ጠረብከው?"

ፍልፈል ጣሳዋን አቀበለው። ነጋዴው አንዲት ስባሪ አንስቶ በማጉያ መነጽሩ ብዙ አየ። ላብ አጠመቀው።

"ከየት እንዳመጣኸው ለሰው ተናግረሃል?"

"ለማንም። ከታችኛው ዋሻ ነው።" ከአፉ አመለጠው።

"እንዳትናገር። እዚያም ተመልሰህ እንዳትገባ።" ስባሪዋን ኪሱ ከቶ፣ ስለ ዋጋ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ነጋዴው ሁለት ቀን ሲጠፋ ፍልፈል ነገሩ ስላላማረው ለእናቱ ነገራት። የታችኛው ዋሻ ሲል ፊቷ አመድ መሰለ። በጥፊ አጮለችው። ከዚያ አንገቱን አቅፋ አለቀሰች።

"ቢናድብህስ? አንተን አጥቼ ልኑር?" እንባዋን ጠረገች። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ ልጄ። ሰውዬው ዋሻውን ሊነጥቅህ ነው። ድንጋዩን አምጣ ወንዝ ልጣለው። ሲመጣ ከወንዝ ነው ያነሳሁት በለው።"

"እማዬ፣ አባቴን የምፈልግበት እኮ ነው!"

"እንግዲያው ስንጥቁን ልድፈነው፤ ሌባው አያገኘውም።" በዚያ ዕድሜዋ አካፋ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ተነሳች። ፍልፈል ተከተላት። በዓለም ላይ ለሱ የቆመ ሰው እሷ ብቻ መሆኗን አሰበ።

ከግቢው ሳይወጡ ነጋዴው ከአንድ ፖሊስ ጋር መጣ።

"አላልኩህም?" አለች እናት።

ፍልፈል መዶሻውን አነሳ። "ሌባ! ያገኘሁት እኔ ነኝ!"

"መዶሻውን አስቀምጥ" አለው ፖሊሱ። "ዋሻህን የወሰደብህ የለም።"

ነጋዴው ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም። "ወንድሜ፣ ይህ ድንጋይ ውሃና ጭቃ ባለበት አጥንት ላይም ይበቅላል። ያ የጠረብከው ሥሩ አጥንት ነው። የእንስሳ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ነበር፤ ለሐኪም አሳየሁት፤ የሰው ነው አለኝ።"

"ዛሬ ጠዋት ገብተን አየን" አለ ፖሊሱ። "የአንድ ሰው አጽም ጭቃው ውስጥ አለ። ማን እንደሆነ ገና አላወቅንም።"

ፍልፈል እጆቹን አየ። ጥፍሩ ሥር ቡናማ ብናኝ ቀርቷል። ሱሪው ላይ ጠረገው፤ አልለቅ አለው።

"ምስኪን" አለ። "ይኼኔ እኮ ልጅ ይኖረው ይሆናል። እንዲህ ጠርቤው... ይቅር ይበለኝ።"

እናቱ አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ልጇን አላየችውም፤ ፖሊሱን ነው ያየችው።

"ሴትዮዋንስ አገኛችኋት?" አለችው።