የጓዳው አምፖል

ደሳለች በሰባ ሁለት ዓ.ም. ጉለሌ ውስጥ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ሲደርሳት፣ መብራት የምታገኘው ከጎረቤቷ ከእትዬ ጸሐይ መስመር ነበር። ሂሳቡ በአምፖል ነው፤ ወሩ ሳይገባ በቅድሚያ ይከፈላል። እትዬ ጸሐይ ግን ሁልጊዜ የሁለት አምፖል ይጠይቋታል።

«ያለኝ እኮ አንድ ነው፣ እትዬ።»

«የጓዳውስ?»

«ጓዳ የለኝም!»

«ከአንቺ በፊት የነበሩትም እንደዚሁ ይሉኝ ነበር» አሉ ሴትዮዋ፣ እጃቸውን እንደዘረጉ። «ኋላ ዝም ብለው ከፈሉ።»

ጓዳ ከየት ይምጣ? ቤቱን የሠሩት የእንጦጦን ግርጌ ቆርሰው ነው፤ ጋዜጣ ከተለጠፈበት የኋላ ግድግዳ ወዲያ ያለው አፈር ብቻ ነው። ቤት መቀየር ደግሞ አይታሰብም፤ የደረሰውን ይዞ ማመስገን ነው። ደሳለች በንዴት ደብዳቤ አጻፈች፣ ስምንት ወር ደጅ ጠናች፣ በመጨረሻም የራሷን ቆጣሪ አስገባች። ከእንግዲህ የምትከፍለው የተጠቀመችበትን ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ያለቻትን አንድ አምፖል ፈታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ቆጣሪውን አየችው። በመስታወቱ ውስጥ ያለችው ክብ ብረት፣ ሳትቸኩል፣ ትዞራለች።

«እስቲ አሁን ዙሪ!» አለችና ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች ሳበችው።

ብረቷ ቆመች። ደሳለች እፎይ ከማለቷ፣ ከጋዜጣው ወዲያ፣ ከአፈሩ ውስጥ፣ የሴት ድምፅ ቀስ ብሎ ጠራት።

«ደሳለች፣ አብሪልኝ በናትሽ። በሩን ገና አላገኘሁትም።»