የሙሽሪት ስኳር በሽታ

ደባልቄ ድመቱን ሙሽሪትን ስኳር በሽታ እንደያዛት ያወቀው በጉንዳን ነው። አንድ ማለዳ መፋቂያውን ነክሶ ጓሮ ፓፓያዋ ሥር እንደቆመ፣ እርጥቡ አፈር ላይ ጉንዳን ግር ብሎ አየ። ሙሽሪት እዚያው አጠገብ አፈር ትጭራለች። ወሎ ሳለ የአጎቱም በሽታ የታወቀው እንዲሁ ሽንታቸውን በከበበው ጉንዳን ነበር፤ ከዚያ በኋላ አጎቱ ዓመት አልቆዩም።

ክልሉ ከተቋቋመ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። አሶሳ ላይ የተከፈተው የእንስሳት ክሊኒክ የግድግዳው ቀለም እንኳ በደንብ አልደረቀም። ባለሙያው እዩኤል ድመቷን አገላብጦ አየና ሳቁን ዋጠ።

«ጋሼ፣ ይቺ ከእኔ ትሻላለች። ካላመኑኝ ይኸው የሽንት መመርመሪያ ወረቀት፤ ስኳር ካለ ይጠቁራል።»

በማግስቱ ማለዳ ደባልቄ ወረቀቱን እርጥቡ አፈር ላይ አስነካው። ወረቀቱ ጠቆረ። ደባልቄ ወረቀቱን ይዞ ወደ ክሊኒኩ ሮጠ። ሴት ልጁ ተድራ ወደ ማንኩሽ ከሄደች ወዲህ ቤቱን ቤት ያደረገችው ሙሽሪት ናት።

እዩኤል አሁን አልሳቀም። «መርፌው ለሰውም በመከራ ነው የሚገኘው። በምግብ ይያዟት፤ ጠዋትና ማታ በሰዓቱ፣ ሥጋ ብቻ። ጣፋጭ እንዳታይ።»

ወደ መጸዳጃ ቤቱ የሚወስደውን ጭቃ ድንጋይ ላልብስ እያለ ሦስት ክረምት ያሳለፈው ሰውዬ፣ ለድመት ሲሆን በአንድ ቀን ትጉህ ሆነ። አራት ማንኪያ ስኳር የጨመረበትን ሻይ እያማሰለ የምግብ ሰዓቷን ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ሥጋዋን በእጁ ይከትፋል። በየሳምንቱ በዘንቢል አንጠልጥሎ ወስዶ በጎረቤቱ ሱቅ ሚዛን ይመዝናታል።

«እኔ ስታመም እንዲህ አላደረግህልኝም» አለች ሚስቱ ጠጂቱ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ወረቀቱ ዛሬም ይጠቁራል። ደባልቄ በሐሳብ ከሳ፤ ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ አበጀ።

«አንድ ሰው በድብቅ ጣፋጭ እያበላት ነው» አለ።

ማን እንደሆነ ለማወቅ አልተቸገረም። ባለሱቁ ሙርሳል የሆሞሻ ሰው ነው፤ ሐላዋ ይሸጣል። ሙሽሪት ደግሞ ቀኑን ሙሉ የምትውለው እሱ በራፍ ላይ ነው። ደባልቄ ሄዶ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ንዴት ጉሮሮውን ስላደረቀው መጀመሪያ ውሃ ለመነ። አንዱን ጆግ ጨርሶ ሁለተኛውን አስቀዳ።

«አንተ ሙርሳል፣ ጉርብትናችን ለዚህ ነው? ድመቴን ሐላዋ እያበላህ ልትገድልብኝ?»

«ወላሂ፣ እኔ አልሰጠም። ድመት ሐላዋ አይበላ። አሁን እይ።»

ሙርሳል ቁራሽ ሐላዋ አቀረበላት። ሙሽሪት አሸተተችና ፊቷን አዞረች።

«ሰው ፊት ስለሆነ አፍራ ነው» አለ ደባልቄ።

ጠጂቱ እህቷን ልትጠይቅ መንጌ ስትሄድ ደባልቄ ሙሽሪትን በቅርጫት አስያዛት። ከሙርሳል ሐላዋ ከራቀች ትድን ይሆናል። የዚያን ዕለት የጣለው ዝናብ ግቢውን አጥቦ ወሰደው፤ ፓፓያዋ ሥር አንድ ጉንዳን አልቀረም። ቤቱ ጭር አለ። ደባልቄ ሚስቱም ድመቷም ናፈቁት፤ ብቻውን ሻዩን እየጠጣ፣ እግዜር ሙሽሪትን እንዲያተርፍለት ለመነ።

በአምስተኛው ቀን ማለዳ፣ መፋቂያውን ነክሶ ሊሸና ቀበቶውን እየፈታ እንደ ወትሮው ፓፓያዋ ሥር ሲደርስ፣ ጉንዳኖቹ ተሰልፈው ይጠብቁት ነበር።