የእሑድ ዶቅዶቄዎች

ድንጋዩ ሲጫንበት ተሻለ ዐይኑን ጨፈነ። ሚስቱ ወርቂቱ አንዱን አስቀምጣ ሌላውን ልታመጣ ትሮጣለች፤ በረገጠች ቁጥር ከጉድጓዱ ግድግዳ አፈር እየረገፈ አንገቱ ውስጥ ይገባል።

ከጫካ የመጣው ትናንት ነበር፤ ጥይት የበሳው ጭኑ እስኪጠግግ በቤቱ ሊሰነብት። ዛሬ ረፋድ ላይ ግን ከዲላ በኩል የዶቅዶቄ ጩኸት ሽቅብ መጣ፤ የአንድ ሳይሆን የብዙ። በጌዴኦ ምድር ከጣሊያን በቀር ዶቅዶቄ የሚነዳ አልነበረም፤ ጣሊያንም ቢሆን አርበኛ ካላሳደደ በቀር በዚህ ጭቃ ምን ይሻል?

ስለዚህ ለዘንድሮው እንሰት ተቆፍሮ ገና ባዶ በነበረው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ወርቂቱ በላዩ እንጨት አጋደመች፤ በእንጨቱ ላይ ኮባ አለበሰች። ቆጮ የተቀበረበት ጉድጓድ ድንጋይ ይጫንበታልና፣ ባዶው የሞላ እንዲመስል ብላ፣ ቆጮው ካለበት ከጎን ካለው ጉድጓዳቸው ላይ ድንጋዩን ሁሉ አንሥታ ባሏ ላይ ከመረችው። ፍርሃት መጠኑን አያውቅም፤ ክምሩ ከመንገድ የሚታይ ሆነ።

ዶቅዶቄዎቹ አጥሩ ዘንድ ሲደርሱ አጓሩ፤ ከዚያም በየተራ ዝም አሉ።

«አይዞሽ እናት፣ ፍተሻ አይደለም» አለ አንድ ድምፅ በአማርኛ። ተሻለ ድምፁን ከገበያ ያውቀዋል፤ አስተርጓሚው ጉግሳ ነው። «ዛሬ እሑድ አይደል? ጌቶቹ የዶቅዶቄ ማኅበር አላቸው። ለሽርሽር ወጥተው አንዱ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረባቸው።»

«ሽርሽር ምንድን ነው?»

«ጉዳይ ሳይኖር መንገድ መሄድ ነዋ።»

«እግዚአብሔር ይማራቸው!» አለች ወርቂቱ።

ጉግሳ ሣቀ። ተሻለም በጨለማው ውስጥ ሣቅ ተናነቀው። ለካ ማንም አልፈለገውም! ጉግሳ ግን ወዲያው ቀጠለ፦ «ከጎማው ሥር የሚጎዘጎዝ ድንጋይ ይፈልጋሉ። ያ ክምር ይበቃቸዋል።»

የቦት ጫማዎች ኮቴ ቀረበ። አንድ ሰው በባዕድ ቋንቋ እያንጎራጎረ ጎንበስ አለ፤ ድንጋይ ተነሣ። ቅጠሉ ተሸርፎ የጣት ስፋት ያህል ብርሃን በተሻለ ጉልበት ላይ ወደቀ። አቡነ ዘበሰማያትን ጀመረ፤ ከመካከሉ ግን ቃሉ ጠፋው። በደግ ቀን ያላደረሱት ጸሎት በክፉ ቀን አይገኝም። ሁለተኛው ድንጋይ ተነቃነቀ።

«ቆይ ጌታዬ!» ብላ ጮኸች ወርቂቱ። «ድንጋዩ የተነሣበት ጉድጓድ ምን እንደሚሆን አስቀድመህ አሳያቸው!»

አጠገቡ ኮባ ሲገለብ፣ ሲቀደድ ሰማ። ምን እያደረገች እንደሆነ ያወቀው ሽታው በአፈሩ በኩል ሲደርሰው ነው። እውነተኛውን ጉድጓድ ከፈተችው! ያ ቆጮ ገና በቅጡ አልተብላላም፤ ያለ ጊዜው ነፋስ ካገኘው ይጠቁራል፤ የክረምት ቀለባቸውም እርሱ ብቻ ነበር። ሐሰት ግን ከአፏ አልወጣም፤ ያሳየችው ሁሉ እውነት ነበር።

ሁለተኛው ድንጋይ ተመልሶ በቦታው ወደቀ። ሳል፣ ምራቅ መትፋት፣ ሣቅና የሚሸሽ ኮቴ ተደበላለቀ።

«ይኼን ነው የምትበሉት?» አለ ጉግሳ፤ አፍንጫውን መያዙ ከድምፁ ያስታውቃል።

«አንተንስ እናትህ ምን አብልታ ነው ያሳደገችህ?»

«ኧረ ቀስ በይ! እነሱ በማኮሮኒ ያደግሁ ይመስላቸዋል።»

«በል እንግዲህ ንገራቸው፤ ድንጋይ ጭቃ ይውጠዋል። የእንሰት ቅጠል ከነዘንጉ ልቁረጥላቸው፤ የሚሸከመው እርሱ ነው።»

ቢላዋዋ ሲሰነጥቅ፣ ቅጠሉ እየተጎተተ ወደ መንገድ ሲወርድ ተሰማ። ሰዎቹ በአንድ ድምፅ እየቆጠሩ ገፉ፤ ሞተሩ ጮኸ፣ ተንፈቀፈቀ፣ ነፃ ወጣ። ጭብጨባ ሆነ። ከዚያም ዶቅዶቄዎቹ ሁሉ ተነሥተው ወደ ኮቸሬ ነጐዱ። ጩኸታቸው በአንዱ ኮረብታ ጀርባ ጠፍቶ በሌላው ላይ ብቅ አለ፤ እየቀጠነ እየቀጠነ ሄዶ ከንብ ድምፅ አነሰ፤ በመጨረሻም ከኮባ ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ቀረ።

ተሻለ አፉን ወደ ተሸረፈው ቅጠል አስጠጋ። «ወርቂቱ፣ አንሺልኝ» አላት።

እርሷ ግን መጥታ ክምሩ ላይ ተቀመጠች፤ እንጨቱ ጎበጠ፤ አፈር ዐይኑ ውስጥ ገባ።

«ምነው ሴትዮ! ጣሊያን የማረኝን አንቺ ልትጨርሺኝ ነው?»

«ዝም በል። ትንሽ ልቀመጥ።»

ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እያለቀሰች እንደሆነ ወይም እየሣቀች ከሥር ሆኖ ሊለይ አልቻለም፤ እርሷም ራሷ የምታውቀው አይመስልም። የጎበጠውን እንጨት ከሥር በመዳፉ ደገፈላት።

ጥቂት ቆይቶ በተሸረፈው ቅጠል በኩል እጇ ወደ ውስጥ ገባ፤ እስከ አንጓው ድረስ በቆጮ ነጭ ሆኗል። ጣቶቿ ጢሙን እስኪያገኙ ድረስ ጨለማውን ዳሰሱ።